እርሳስ

ማክሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ድርግም አለ መብራቱ፤
ማቀዝቀዣው አቃሰተ፤ ተቋረጠ ማንኮራፋቱ።
ከቃሊቲ ወዲያ፣ ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ፣
ጨለማው ጫማውን ሳያወልቅ ቤተ ሙከራ ሲገባ
እኔ ያሰብኩት ሳጥኑን፤
ከምድር ጫፍ የመጣውን፣ ሰማያዊ ክዳኑን።

ውስጡ ዐሥራ ሁለት ዛጎሎች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ፣
ስድስት ወር ከሚመሽበት ባሕር በበረዶ ታሽገው የመጡ።
ከጎናቸው በላስቲክ፣ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የለቀምኋቸው
ሰባት ቀንድ አውጣዎች፣ ጭቃው ገና ያልለቀቃቸው።
ባሕር ያላዩና ወንዝ ያላዩ፣ ሳይተዋወቁ፣
በአንድ መደርደሪያ ጎረቤት ሆነው ተራ ሲጠብቁ።

"ኤፍራታ፣ አትደንግጪ" እያለ ኦቦ ጉርሜሳ ደረሰ፤
"ጄኔሬተሩስ?" አልኩት። "ናፍጣውን ባለፈው ሳምንት ጨረሰ።"
ክዳኑን ስከፍት በረዶው ላብ ላብ ብሎታል፤
"ይሄ ሁሉ ለቀንድ አውጣ?" አለ፤ እሱን ሳቅ ሳቅ ብሎታል።
ግን አንዷን አነሣት፤ በባትሪው ብርሃን አያት፤
"መስመር አላት" አለ፤ "እንደ ሌሊሴ ደብተር። ማን አሰመረላት?"

"መስመሩ ዓመት ነው" አልኩት፤ "የጠጣችውን ሳትደብቅ
በየዓመቱ ትጽፋለች፣ ገጽ መገንጠል ሳታውቅ።"
"በምን ትጽፋለች?"
"በእርሳስ።"

እሱ የመሰለው ሌላ ነው፤ ከሱቅ በፍሬ የሚገዛው፣
ልጅ ጫፉን የሚያኝከው፣ አባት በምላጭ የሚቀርጸው።
"እንግዲያ ላጲስ ያጠፋዋላ!"
ዝም አልኩ።
ስንት ዓመት ለክቼ፣ ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

የእኛ ወንዝ፣ እሺ፣ ይታወቃል፤ ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ጠይም፣
እንደ ፋብሪካው ፈረቃ ልብስ ሲቀያይር አይደክም።
ከታች ጎመኑ ይጠጣዋል፤ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤
እኔም ለክቼ፣ ቁጥሩን አውቄ፣ እገዛለሁ።
ይጣፍጣል።

ያቺ የምድር ጫፏስ? ቆዳ አትነክር፣ ብረት አታቀልጥ፤
በደመና ጀርባ ነው የመጣላት፣ ስሟን ከማያውቅ አገር ቁልቁል ሲሮጥ።
ውሃው ሲሞቅባት ትንፋሿ ይፈጥናል፤
ትንፋሿ ሲፈጥን ጉርሻው ይበዛል፤
ቤቷም ይሳሳል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ።
ጠላት ቢሆን በሯን ዘግታ፣ ጠብቃ፣ እስኪያልፍ…
የመጣባት ግን ውሃው ነው።
በውሃ ላይ በር ዘግቶ የት ይኖራል?

ኦቦ ጉርሜሳ ባትሪውን እጄ ላይ ጥሎ ወጣ።
አስፋልቱ ዳር፣ ከሽታዬ ግሮሰሪ፣ በረዶ ሊያመጣ።
"ለሠርግ ነው?" ብላዋለች።
"ለለቅሶ" አላት።

በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ተመለሰ፣ ካፖርቱ ርሶ፤
ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ በጀርባው ቁልቁል ፈስሶ።
የተረፈውን ደለደልነው፣ በባሕሮቹም በወንዞቹም ላይ፣ ሳንለይ።
"ትድናለች?"
"ከሞተች ቆይታለች። ጽሑፏ ነው እንዳይበላሽ የምንለፋው።"
ራሱን ነቀነቀ፣ ቀብር ላይ እንደሚነቀነቀው።

መዝገቡን አወጣሁ። እስኪርቢቶዬ አልጽፍ አለ።
ኪሱን ዳበሰና የልጁን እርሳስ ሰጠኝ፣
አጭር፣ ቢጫ፣ ወገቡ በጥርስ የተበሳሳ።
ጻፍኩ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ።
ሳጥን አራት፤ በከፊል ቀልጧል።
"በከፊል" የሚለው ቃል አላማረኝም። ልሰርዘው
እርሳሱን ገለበጥኩት።
ላጲሱ የለም፤ ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ነው የቀረው።
"ሌሊሴ ናት" አለ ኦቦ ጉርሜሳ፣ እንደማፈር ብሎ፤
"ሲርባት ትበላዋለች።"